ሲነቀል ራሱን የሚያጠፋ ላፕቶፕ፦ የአንዲት የድሬዳዋ ጠበቃ ጉዳይ

የጉዳዩ ባለቤት ቢሮዋ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሆነ ጠበቃ ናት። የምትይዛቸው መዝገቦች በአብዛኛው የቤተሰብ ናቸው፦ ፍቺ፣ የልጅ ቀለብ፣ ውርስ። ድብደባና መደፈር የደረሰባቸው ሴቶች ጉዳይም በመካከላቸው አለ። ላፕቶፗ ውስጥ የሐኪም ማስረጃ አለ፣ የቁስል ፎቶ አለ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ የተቀዳ የደንበኞች ድምፅ አለ። እሷንም ሆነ ደንበኞቿን የሚያስታውቅ ነገር አላሰፍርም። የቀረውን ግን በዝርዝር እጽፈዋለሁ። የሰው ገመና በኮምፒውተራቸው የሚይዙ ሐኪሞች፣ አማካሪዎችና የሂሳብ ሠራተኞች ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱብኛል። እኔ የቢሮ ኮምፒውተሮችን እየጠገንኩና እየጠበቅኩ የምኖር ሰው ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሌላ ሰው ላይ በደረሰ ነው። የሙያ ባልደረባዋ የሆነ ጠበቃ ሐረር ካፌ ቁጭ ብሎ የክስ መልስ እየጻፈ ሳለ ላፕቶፑን ከፊቱ መንትፈው ሮጡ። ማሽኑ እንደተከፈተ ነው የሄደው፤ ኢሜይሉ ክፍት፣ ቴሌግራሙ ክፍት፣ የደንበኞቹ ፎልደር ክፍት። ለፖሊስ አመለከተ፤ ላፕቶፑ አልተገኘም። ከጊዜ በኋላ ከደንበኞቹ አንዷ የራሷ የሕክምና ወረቀት ፎቶ ከማታውቀው ስልክ ተላከላት፤ ገንዘብ ካላመጣሽ ለቤተሰብሽ ይደርሳል ተባለች።

የኛዋ ጠበቃ ይህን በሰማች ማግስት ጠራችኝ። «አቦ፣ ኤክስተርናሉ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ራሱ ድርግም የሚልበት ዘዴ አለ ይላሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ሥራው ግን ከማጥፋቱ አይጀምርም።

መጀመሪያ ዲስኩ

ያንኑ ዕለት ላፕቶፗን አጠፋሁት፤ የጀርባውን ብሎኖች ፈትቼ ኤስኤስዲውን፣ ማለትም ፋይሎቹ ያሉበትን ዲስክ አወጣሁ። ታይዋን ገበያ በየሱቁ በምትሸጠው ዓይነት የዲስክ ኬዝ ውስጥ አስገብቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ አገናኘሁት። ፓስወርድ የጠየቀን የለም። ፎልደሯን ስንነካ ዊንዶውስ ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት አወጣ፤ ከሥሩ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ነበረው፤ ተጫንነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የደንበኞቿ ፎቶ በኔ ስክሪን ላይ ነበር። ጠበቃዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች፤ ብዙ አላወራችም።

ዊንዶውስ ሲከፈት የምንጽፈው ፓስወርድ የሚጠብቀው ዊንዶውስን እንጂ ዲስኩን አይደለም። ስለዚህ ዲስኩ ኢንክሪፕት ሳይደረግ፣ ማለትም ያለ ሚስጥር ቃል እንዳይነበብ ሳይቆለፍ፣ ማሽኑን በድንገት ማጥፋት ሌባውን የሚያስቸግረው አንድ ብሎን እስኪፈታ ድረስ ብቻ ነው። ሲነቀል ማሽኑን የሚያጠፉት ገመዱና ስክሪፕቱ (አጭር የትእዛዝ ፕሮግራም) የሰውን ቀልብ ስለሚስቡ ብዙዎች ከእነሱ ይጀምራሉ። እኔ ግን ኢንክሪፕት ያልተደረገ ማሽን ላይ ይህን አልገጥምም፤ ያልተጠበቀን ሰው ተጠብቄያለሁ ብሎ እንዲያምን ማድረግ ከባድ ጉዳት ነው።

የሷ ዊንዶውስ ሆም የሚባለው ስለሆነ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ በሙሉ የለውም። ቢኖረውም አንድ ጥያቄ ነበረብን። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር ቁልፉን ቲፒኤም በሚባለው ቺፕ ውስጥ ያስቀምጥና ማሽኑ ሲበራ ማንንም ሳይጠይቅ ዲስኩን ራሱ ይከፍታል። እንዲህ ሲሆን ሌባው የጠፋውን ላፕቶፕ መልሶ ቢያበራው ዲስኩ ይከፈታል፣ ቁልፉም ተመልሶ ራም ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ ለጊዜው በሚይዘው ማስታወሻ ውስጥ ይገባል፤ የሚቀረው የዊንዶውስ ፓስወርድ ብቻ ነው። ማጥፋቱ ትርጉም የሚኖረው ማሽኑ ሲበራ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይነሣ፣ ከሰው የሚስጥር ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ነው። ቢትሎከር በፕሮው ዊንዶውስ ላይ ፒን እንዲጠይቅ ሊደረግ ይችላል፤ እኛ ግን ቬራክሪፕትን መረጥን። እ.ኤ.አ. በ2013 ትሩክሪፕት ከተባለ ከሱ የቀደመ ፕሮግራም ተቀድቶ የወጣ፣ ምንጩ ክፍት የሆነና ገንዘብ የማይከፈልበት ፕሮግራም ነው፤ በሆሙም ላይ የሲስተሙን ዲስክ በሙሉ ይቆልፋል።

የሚስጥር ቃሉን በፊደላችን ልጽፈው ብላ ነበር። አይሆንም፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚመጣው የቬራክሪፕት መጠየቂያ የአሜሪካን ኪቦርድ እንጂ ግእዝ አያውቅም። ስለዚህ ከልጅነቷ የምታስታውሰውን አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በላቲን ፊደል ጻፈችው። ፕሮግራሙ ከ20 ፊደል ያነሰ ቃል ሲያይ ያስጠነቅቃል፤ የሷ በብዙ ይበልጣል። ዲስኩን ኢንክሪፕት ከማድረጋችን በፊት ሙሉ ኮፒ ወሰድን፣ ባትሪውን ሞላን፤ መብራት በሚመላለስበት ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ኮፒ መጀመር አይገባም።

ለምን ማጥፋት?

አሁን ዲስኩ ተቆልፏል። ታዲያ ስክሪኑን ብቻ መቆለፍ ለምን አይበቃም?

ኢንክሪፕት የተደረገ ዲስክ የሚነበበው ቁልፉ ራም ውስጥ ስላለ ነው። ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ ቁልፉ እዚያው ነው፤ ስክሪኑ ቢቆለፍም፣ ስሊፕ ላይ ቢሆንም። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ ኃይል ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ራም ውስጥ ያለው ነገር ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ይቆያል። የታመቀ አየር ጣሳ ገልብጠው በመርጨት ቺፑን ወደ 50 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲያቀዘቅዙት ደግሞ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ቆየ። ሲሞቅ ቶሎ ይጠፋል፤ የድሬ ሙቀት በዚህ በኩል ከኛ ጋር ነው። የካፌ ሌባ ይህን ሁሉ ያደርጋል ብዬ አይደለም። በርቶ የተወሰደ ማሽን ግን ጊዜ ላለው ሰው ሁሉ ክፍት የሆነ ዕድል ነው፤ የጠፋና የተቆለፈ ማሽን ብረት ነው።

በርቶ መወሰድ ምን ያህል እንደሚያጋልጥ በዓለም የታወቀው በአንድ ወንጀለኛ ጉዳይ ነው። ሲልክ ሮድ የተባለውን የኢንተርኔት የዕፅ ገበያ ያንቀሳቅስ የነበረው ሮስ ኡልብሪክት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሳለ፣ ከኋላው ሁለት ሰዎች የተጣሉ መስለው ዞር ሲያስደርጉት ላፕቶፑ ክፍት እንደሆነ ተወሰደበት፤ ማስረጃውም ከዚያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ዩኤስቢኪል የተባለው ስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ባስኪል የተባለው ባለ ማግኔት ገመድ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት። ሐሳቡ አንድ ነው፤ በዩኤስቢ የተሰካ ነገር ከማሽኑ ሲለይ ማሽኑ ይቆለፋል ወይም ይጠፋል።

ይህን ታሪክ ስነግራት ጠበቃዋ ያለችውን እዚህ ማስፈር ግድ ይለኛል፦ «ፍርድ ቤት በትእዛዝ ቢጠይቀኝ በሕግ እከራከራለሁ እንጂ ገመድ አልነቅልም።» የጥብቅና አዋጁ ቁጥር 1249/2013 የደንበኛን ምስጢር እንድትጠብቅ ያስገድዳታል፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ የሚይዝ ሰው ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ያዛል። የፈለገችው ሌባን ለመከላከል ነው፤ ሥራውም የተሠራው ለዚያ ብቻ ነው።

ከርቀት ማጥፋትስ ያለኝ ሰው ነበር። ከርቀት የሚላክ ትእዛዝ የሚደርሰው የተሰረቀው ማሽን ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው፤ ሌባው ካላገናኘው አይደርስም፤ ቢደርስም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኤክስተርናሉና መብራቱ

የመጀመሪያው ሐሳብ የሷ ነበር፤ ቢሮ ያለው ትልቁ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ራሱ መቀስቀሻ ይሁን። ያለፉት ዓመታት መዝገቦች ስካን ተደርገው እሱ ላይ ናቸው፣ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይውላል፣ ሌባ ላፕቶፑን ሲያነሣ ገመዱ መላቀቁ አይቀርም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ እኛም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሞከርነው።

ኤክስተርናሉ ባለ 3.5 ኢንቹ ነው። ከዩኤስቢ የሚያገኘው ኃይል ስለማይበቃው ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር አለው። ከቀትር በኋላ፣ ከዚራ ሱቆች ዘግተው ሰው ሁሉ ከሙቀቱ በተጠለለበት ሰዓት፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም አልሆነም። ኤክስተርናሉ ግን ኃይል አጣና ቆመ። ዊንዶውስ ኃይል ያጣን ዲስክ ከተነቀለ ዲስክ አይለይም፤ ስክሪፕቱም የታዘዘውን አደረገ፣ ላፕቶፑ ጠፋ። የተጀመረ የይግባኝ ማመልከቻ ተከፍቶ ነበር።

ይህ ችግር የራሱ አዳፕተር ባለው የዩኤስቢ ሃብ ላይ የተሰካ ነገርንም ሁሉ ይመለከታል። ከመብራቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላው ነው። ኤክስተርናሉ መቀስቀሻ ከሆነ፣ መቀስቀሻው በሠራ ቁጥር የመዝገብ ማኅደሩ በድንገት ይነቀላል ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ከ1809 ስሪቱ ጀምሮ ለውጭ ዲስኮች ፈጣን መንቀልን በነባሪነት ስለሚጠቀም ጽሑፉን በማቆያ ብዙ አያዘገይም። ኮፒ እየተደረገ ሳለ የተነቀለ ፋይል ግን በየትኛውም ዓይነት ዲስክ ግማሹ ብቻ ይቀራል። ዲስኩ ኤክስፋት በተባለው የፋይል አደራደር የተፎረመተ ከሆነ ደግሞ ሌላው አደራደር ኤንቲኤፍኤስ እንዳለው ያለ ለውጦችን የሚመዘግብ ጆርናል ስለሌለው የፎልደሩ ማውጫ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ሌባ አንድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ በስሕተት መነቀል ግን በየሳምንቱ አለ። ለሌባው ብለን ማኅደሩን በየሳምንቱ አደጋ ላይ መጣል አይገባንም ነበር።

እዚያ ላይ የጉዳዩ ዋና ውሳኔ ተወሰነ፦ መቀስቀሻው መነቀሉ ምንም የማያበላሽ ነገር ይሁን። ትልቁ ኤክስተርናል እሱም በቬራክሪፕት ተቆልፎ ቢሮው የብረት ካቢኔ ውስጥ ገባ፤ ኮፒ በሚወሰድበት ሰዓት ብቻ ይወጣል። መቀስቀሻ የሆነው አንድ ትንሽ ፍላሽ ነው፤ ውስጡ አንድም ፋይል የለም።

ፍላሹና ገመዱ

ባስኪልን ከውጭ ማዘዝ ረጅም መንገድ ስለሆነ ሐሳቡን ወስደን በገበያችን ባለው ዕቃ ሠራነው። የሚያስፈልገው አንድ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድና አንድ ፍላሽ ነው። የገመዱ ወንዴ ጫፍ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፣ ፍላሹ በሌላው ጫፍ ይገባል። ፍላሹ ጀርባ ያለው ቀለበት ላይ ጠንካራ ክር ታስሮ በጠበቃዋ ቀበቶ ላይ በመንጠቆ ይያዛል።

ፍላሹን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ በክር ማሰር የሚቀል ይመስላል። ላፕቶፑ ወደ ጎን ሲነጠቅ ግን ክሩ ፍላሹን በአግድም ይጎትተዋል፤ ያኔ ፍላሹ ከመውጣት ይልቅ ፖርቱን ያጣምመዋል፤ ባለቤቷም በሰላም ጊዜ ብድግ ባለች ቁጥር ይኸው ይደርሳል። ማራዘሚያ ካለ መላቀቂያው በገመዱና በፍላሹ መካከል ይሆናል። እዚያ ላይ ጉተታው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሳያንገራግር ይላቀቃል፣ የላፕቶፑ ፖርትም አይነካም። ገበያ ያለው ማራዘሚያ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ፍላሹን ነክሶ አይለቅም፣ አንዳንዱ ሲነቀነቅ ብቻ ይለቀዋል። ሱቁ ውስጥ እየሰካሁ እየነቀልኩ መረጥኩ፤ ባለሱቁም በትዕግሥት ጠበቀኝ።

ስክሪፕቱ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የትእዛዝ ቋንቋ፣ በፓወርሼል የተጻፈ ነው። ዊንዶውስ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሲሰካና ሲነቀል ለሚያዳምጠው ፕሮግራም ያሳውቃል፤ ለመሰካት ቁጥር 2፣ ለመነቀል ቁጥር 3 ይልካል። የኛው ስክሪፕት 3ን ይጠብቃል። 3 ሲመጣ ወዲያው አይደነግጥም፤ መጀመሪያ ይጠይቃል፦ የኛ ፍላሽ አሁንም አለ ወይ? ፍላሹን የሚያውቀው ሲፎረመት በሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ የደንበኛ ፍላሽ ተሰክቶ ቢነቀል ምንም አይሆንም። በዚያው ምክንያት መቀስቀሻውን ፍላሽ እንደገና መፎርመት አይቻልም፤ መለያ ቁጥሩ ይቀየርና ስክሪፕቱ አያውቀውም። ጸሐፊዋ ይህን እንድታስታውስ ፍላሹ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈንበታል።

ፍላሹ ከሌለ ስክሪኑ በዚያው ቅጽበት ይቆለፋል። ከዚያ ስክሪፕቱ 3 ሰከንድ ይጠብቅና እንደገና ያያል፤ ፍላሹ ካልተመለሰ ክፍት ፕሮግራሞችን ሁሉ አስገድዶ እየዘጋ ማሽኑን ያጠፋል። ስለ እነዚያ 3 ሰከንዶች ተከራክረናል። ጠበቃዋ ወዲያው ይጥፋ ነበር ያለችው። እኔ የጠየቅኩት በፖርቱ ምክንያት ነው፦ የድሬ አቧራ የገባበት አሮጌ ፖርት ጠረጴዛው ሲነካ ለአፍታ ይቋረጥና መልሶ ይይዛል፤ ለዚህ ሁሉ ማሽኑ ከጠፋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሰለችና ትነቅለዋለች፤ ያልተሰካ መቀስቀሻ ደግሞ ከሌለ አይለይም። ስክሪኑ ቀድሞ ስለተቆለፈ ሌባው በ3 ሰከንድ የሚሠራው ነገር የለም፤ ፍላሹም የቀረው በሷ ቀበቶ ላይ ነው። ተስማማች። ከማጥፊያው ትእዛዝ በኋላ ማሽኑ ጨርሶ እስኪጨልም እንደ ተከፈተው ፕሮግራም ብዛት ትንሽ ይቆያል፤ ኤስኤስዲ ስላለው ግን ሯጩ ከካፌው በር ርቆ ሳይሄድ ያልቃል።

ጸሐፊዋ የምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ እዚያ ላይ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አለ። ሊኑክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ምንም ሳይዘጋና ሳያስቀምጥ ኃይሉን እንዲቆርጥ የሚያዝ ትእዛዝ አለው፤ መነቀሉን የሚያየው ደግሞ ዩዴቭ የተባለው የሊኑክስ ክፍል ነው። መሣሪያው ከወጣ በኋላ ስለማይገኝ ዩዴቭ ባሕርያቱን ከመሣሪያው ላይ ሊያነብ አይችልም፤ ደንቡ ሲጻፍ ሲሰካ በተመዘገበው የአምራችና የምርት ቁጥር መጠቀም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ደንቡ አልሠራልኝም የሚለው በዚህ ነው። የሷ ኮምፒውተር ግን ከቢሮ የማይወጣ ዴስክቶፕ ስለሆነ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርገን ተውነው።

ባትሪ ላይ ሲሆን

ስክሪፕቱ ጠበቃዋ ዊንዶውስን በከፈተች ቁጥር በታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን በራሱ በሚያስጀምረው የዊንዶውስ መሣሪያ) እንዲነሣ ተደረገ። ቢሮ ውስጥ ቻርጀሩ እንደተሰካ ስንፈትነው ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለን፣ ልክ ካፌ እንደተቀመጠች አድርገን ፍላሹን ጎተትነው። ምንም አልሆነም። ስክሪኑ እንዳለ ቆመ።

ታስክ ስኬጁለር አዲስ ሥራ ሲፈጠርለት ሁለት ሳጥኖች ላይ ራሱ ምልክት አድርጎ ነው የሚያቀርበው፦ ሥራው ኮምፒውተሩ ቻርጀር ላይ ሲሆን ብቻ ይጀመር፤ ወደ ባትሪ ከዞረ ይቁም። ለአብዛኛው ሥራ ይህ ተገቢ ነው፣ ባትሪ ይቆጥባል። ለኛ ግን ጥበቃው የሚያስፈልገው ባትሪ ላይ ስትሆን ነው፤ ላፕቶፕ የሚመነተፈው ከቻርጀሩ ተነቅሎ ነው፤ ቻርጀሩ እንደተነቀለም ጠባቂው አብሮ ይሞታል። ሁለቱንም ምልክት አነሣን። ከሥራው ቅንብር ውስጥ ከ3 ቀን በላይ የሠራ ሥራ ይቁም የሚልም አለ፤ ላፕቶፗን ሳታጠፋ ሃይበርኔት እያደረገች የምትሰነብት ሰው ስለሆነች እሱንም አነሣነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ሁሉ እነዚህን ሳጥኖች እንዲያይ እለምናለሁ። ቻርጀር ላይ ብቻ የተፈተነ መቀስቀሻ አልተፈተነም።

ቀጥሎ የመጣው ክዳኑ ነው። ላፕቶፑ ሲከደን ስሊፕ ይገባ ነበር። ስሊፕ ላይ ያለ ማሽን ስክሪፕት አያስኬድም፤ ክዳኑን ጠርቅሞ የሚሮጥ ሌባ ፍላሹ ቢነቀልም ማሽኑ ስሊፕ ላይ፣ ቁልፉ ራም ውስጥ እንዳለ ይሄዳል። የ3 ሰከንዱ መጠበቅም በዚህ ሊጠለፍ ይችላል። መፍትሔው ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት እንዲሆን ማድረግ ነበር፦ ራም ውስጥ ያለው ሁሉ ዲስክ ላይ ይጻፍና ኃይሉ ይቋረጣል፤ የሲስተሙ ዲስክ በሙሉ የተቆለፈ ስለሆነ የተጻፈውም አብሮ ይቆለፋል፤ ሲበራ የሚስጥር ቃሉን ይጠይቃል። ለጥቂት ጊዜ ሳይነካ ሲቀርም እንዲሁ ሃይበርኔት ይገባል እንጂ ስሊፕ የሚባል ነገር ከማሽኑ ወጥቷል። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ የዩኤስቢ ፖርቶችን እንዳያጠፋም ፈቃዱን ከልክለነዋል።

ዎርድ ላይ የሚጻፈው ነገር ነበር የቀረው። አስገድዶ መዝጋት ማለት ያልተቀመጠ ጽሑፍ መጥፋት ማለት ነው። ዎርድ ለመልሶ ማግኛ በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፤ ወደ 1 ደቂቃ አወረድነው። አሁን በከፋ ጊዜ የምታጣው አንድ አንቀጽ ነው።

ሥራ ላይ ሲውል

ቢሮ ውስጥ በሩ ዝግ፣ ጸሐፊዋ በር ላይ ስለሆነች ፍላሹ አይታሰርም፤ ተሰክቶ ይውላል። ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፑ አይከፈትም፤ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ስትወጣ የሚነበብ ነገር ካላት በወረቀት ታነበዋለች። ስለዚህ ገመዱ የሚሠራው በሐረር ካፌዎችና በችሎት መጠበቂያ ወንበሮች ላይ ነው።

እዚያ ያስቸገረው ሰላምታው ነው። ፈረስ መጋላ አካባቢ ከተቀመጠች የሚያውቃት ሰው አያልፍም። ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ሰላም አይባልም፤ ብድግ ትላለች፣ ክሩ ይወጠራል፣ ፍላሹ ይወጣል፣ ስክሪኑ ይቆለፋል። 3 ሰከንዱ ደግሞ ሰውየውን ጨብጦ የቤተሰቡን ደኅንነት ለመጠየቅ አይበቃም። ቶሎ ቁጭ በዪ ልላት አልቻልኩም፣ ሰላምታ የሚያስቀር ጥበቃ ማንም አይለምደውም። ክሩንና ገመዱን አንድ ላይ አስረዘምነው፤ ቆማ እጅ ለመጨበጥ ይበቃል፣ አንድ እርምጃ ስትራመድ ግን ይላቀቃል። ትርፉ ክር ጭኗ ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ ወዲህ ሳትፈልግ ያጠፋችው ቡና ለመክፈል ተነሥታ ወደ ቆጣሪው ስትሄድ ነው፤ ያ ደግሞ በትክክል መጥፋት ያለበት ጊዜ ነው፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ሄዳለች።

እስካሁን ላፕቶፗን የነጠቃት የለም፤ ስለዚህ ሌባ ፊት ሠርቷል ብዬ መጻፍ አልችልም። የተሠራው ሁሉ የተፈተነው በኛው እጅ ነው፦ ላፕቶፑን እኔ እየነጠቅኳት፣ ክዳኑ ተከፍቶም ተዘግቶም፣ ቻርጀር ላይም ባትሪ ላይም። በየወሩ መጀመሪያ ጸሐፊዋ ሳትነግራት ትነጥቃታለች፤ ይህን ሥርዓት ያመጡት ራሳቸው ናቸው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። የዊንዶውስ ማሻሻያ ቅንብር ቀይሮ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ላፕቶፑ ቢሰረቅ ምስጢሩ ይጠበቃል፤ ፋይሉ ግን አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ የተቆለፈ ኤክስተርናል ሐረር እኅቷ ቤት ተቀምጧል፤ ለችሎት በሄደች ቁጥር የቢሮውን ይዛ ትሄድና ያኛውን ይዛ ትመለሳለች። የቬራክሪፕት ማዳኛ ፍላሽም እዚያው ነው፤ የማስነሻው ክፍል ቢበላሽ ማሽኑን ለማስነሣት ያገለግላል እንጂ ያለ ሚስጥር ቃሉ ምንም አይከፍትም። ቃሉን እሷ ብትታመም ማን ያውቀዋል የሚለውን ከእኅቷ ጋር ተነጋግረው ወስነዋል፤ እኔ አልጠየቅኩም፣ ማወቅም አይገባኝም።

አሁን የያዝነው ስልኳን ነው። ደንበኞቿ ፎቶና ድምፅ የሚልኩላት በቴሌግራም ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የተቆለፈው ሁሉ ስልኩ ላይ ቅጂ አለው። ለቴሌግራሙ የራሱ ፓስኮድ ሰጥተነዋል፣ የመዝገቡ ኮፒ ከተወሰደ በኋላ ከስልኩ የማጥፋቱ ሥራ ግን ደንበኛ በደንበኛ የሚሄድ ስለሆነ ገና አላለቀም።